በፀሐይ የሚደርቅ ቫርኒሽ

ሱቄ የነበረው ቤት ውስጥ አሁን የሞባይል ከቨር ይሸጣል። ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ከላይ የሚገጥሙበት መንገድ ላይ፣ ሰማያዊው በር። የበሩን ቀለም እንኳ አልቀየሩትም፤ እኔ የቀባሁት ነው። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ ሻጩ "ማዘር፣ ግቢ! ስልክሽን መስታወት ላልብስልሽ" አለኝ። እኔን! ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ቤት "ግቢ" ብሎ ይጋብዘኛል። "አቦ ተወኝ!" ብዬው አለፍኩ። እሱ ምን አጠፋ? ተራው ነው። የሱ ተራ ሲያልፍ ደግሞ ሌላው መጥቶ እዚያው በር ላይ ይቆማል። ይህን ዛሬ ብነግረው አያምነኝም፤ እኔም በሱ ዕድሜ ብትነግሩኝ አላምንም ነበር።

የሺ እባላለሁ። ሥራዬ የተቃጠለ ዲናሞ መጠቅለል ነበር። ለማያውቅ ልንገር። ቬንትሌተር በሉት፣ የውሃ ፓምፕ በሉት፣ ወፍጮ በሉት፣ በመብራት የሚዞር ነገር ሁሉ ሆዱ ውስጥ የመዳብ ሽቦ አለው። ሽቦው ሲቃጠል ይቆማል። እኛ የተቃጠለውን ጎልጉለን እናወጣና አዲስ ሽቦ ጠቅልለን በብረቱ ስንጥቆች ውስጥ እንሰገስጋለን፤ ቫርኒሽ እናጠጣዋለን፣ እናደርቀዋለን፣ ይዞራል። ድሬ ዳዋ ላይ ይህ ቀልድ አልነበረም። በግንቦት ቬንትሌተር የቆመበት ቤት ሕፃን ያለቅሳል፣ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ አራስ ትታመማለች። ሰው ከሐኪም ቤት በፊት እኛ ጋ ነበር የሚሮጠው።

የተወለድኩት እዚሁ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ የባቡር ዘበኛ የነበረ ሰው ነው። እስኪሞት ድረስ የድሬን አነጋገር አልለመደውም። እዚህ ልጁም ሽማግሌውን "አንተ" ይላል፣ ሽማግሌውም ደስ ይለዋል፤ አባቴ ግን "እነዚህ ሰዎች አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም እንዴ?" እያለ ይበሳጭ ነበር። እኔ እንደ ድሬ ሰው ስለምናገር አሁን ሙያ ያስተማረኝን ጌታዬን "እሱ" ብዬ ሳወራ እንዳትቀየሙኝ። ከአባቴ ቀጥሎ የማከብረው ሰው ነው።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ነው። የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር ሥራዬ። እጄ ትንሽ ነው፣ ጣቴ ቀጭን ነው፤ ማሽኑ ሳይቆም ክሩን እየያዝኩ እቋጥረው ነበር። የክፍሉ አለቃ ሴቶቹን ሰብስቦ በኔ እጅ ያሳያቸዋል። "ያንቺ ጣት ሀብት ነው" ይለኝ ነበር። እኔም አመንኩት፤ ዕድሜዬ ስንት ሆነና! አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምገባው። ከዚያ ራሱ የሚቋጥር ማሽን መጣ። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልበደለኝም። አለቃው እንኳ አዝኖ "ምን ላድርግሽ" አለኝ። ሀብት የተባለው ጣቴ እንደነበረ ነው፤ የሚፈልገው ጠፋ እንጂ።

ጋሽ አብዶሽን ያገኘሁት ያኔ ነው። ሐረሬ ነው፤ ከዚራ ላይ ሰማያዊው በር የሱ ነበር፣ ያን ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ። ጎረቤቴ ሥራ እንደምፈልግ ነግሮልኝ ሄድኩ። ስሜን አልጠየቀኝም። "እጅሽን አሳዪኝ" አለ። አገላብጦ አየና "ቁርስ በልተሻል?" ብሎ አስገባኝ። ቅጥሩ ይኸው ነበር።

ልማዱን ልንገራችሁ። የተቃጠለ ሞተር ሲመጣለት ባለቤቱን ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። "ሰው ይዋሻል" ይል ነበር። አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸተዋል። ውሃ ገብቶት የተቃጠለውን፣ ሸክም በዝቶበት የተቃጠለውን፣ ኩሽኔታው ቅባት አጥቶ ደርቆ የተቃጠለውን በማሽተት ብቻ ይለያል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ዘንጉን በእጁ ያዞረዋል፤ ጆሮውን እንደ ሐኪም ያዘነብላል። የሚፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫው ላይ ከተቀመጠ ንጉሥም ቢመጣ አይነሳም። ጫቱን እየቃመ ሥራ ያወራል እንጂ ሥራ አይነካም።

ዋናው ልማዱ ግን መደበቅ ነበር። ሽቦ ሲጠቀልል ለበሩ ጀርባውን ይሰጣል። ስንት ዙር እንደጠቀለለ ሰው እንዳያውቅበት በሐረሪ ነው የሚቆጥረው፤ "አሐድ፣ ኮት፣ ሺሽቲ" እያለ። የኔ የዋህ! ድሬ ላይ ምን ቋንቋ ይደበቃል? እኔ ራሴ ከሐረሬ ጎረቤት ጋር ነው ያደግኩት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሬው በልቤ እቆጥር ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ዙር ሲዘል አላስችል ብሎኝ "ጋሽ አብዶሽ፣ ዘለልክ" አልኩት። ዞር ብሎ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር ሳቀ። "ሌባ ነሽ! ወላሂ ሌባ ነሽ!" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአማርኛ ቆጠረልኝ፣ ለሌላው ሰው ግን መጋረጃ ሰቀለ። የተቃጠለውን አሮጌ ጥቅል እንኳ ቆራርጦ ነበር የሚጥለው፤ ጎረቤት አንስቶ ዙሩን እንዳይቆጥር።

"ያወቁት ዕለት አበቃልሽ" ይለኝ ነበር። "ያለሽ እነሱ የሌላቸው ነው። እነሱም ካላቸው አንቺ ምንድነሽ?"

ስማችንን ያስጠራው አንድ የበረዶ ነጋዴ ነው። በረዶ የሚሠራበት ማሽን ሞተሩ ተቃጥሎበት አዲስ አበባ ልኮት "አይሠራም" ተብሎ ተመለሰለት። ወሩ የሰርግ ወር ነው፣ ሰውየው ሊያብድ ደርሷል። ጋሽ አብዶሽ አሸተተው፣ አዞረው፤ "ይሠራል፣ ግን የኔ እጅ አይገባም" አለ። የብረቱ ሆድ ጠባብ ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "እስቲ ያንን የድመት እጅሽን አስገቢ" አለኝ። ገባ። ሽቦውን አንድ በአንድ ሰግስጌ ጨረስኩ፤ ክንዴ ተላልጦ ደም በደም ሆነ። ሞተሩ ዞረ። ነጋዴው ጮኸ፣ እኔን ሊስመኝ ደርሶ አፈረና ጋሽ አብዶሽን ሳመው። ከዚያ ወዲህ ከድሬም ከሐረርም፣ ከወፍጮ ቤት ሁሉ ሰው መጣ። አንድም ቀን ሥራ ፈትተን አናውቅም።

ሌላው ሚስጥራችን ፀሐይ ነበረች። ቫርኒሽ የጠጣ ሞተር እስከ ውስጡ ድረስ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ሽቦው ይላወስና እርስ በርሱ ተፋትጎ ይቃጠላል። ሌላው ሰው በበርሜል ከሰል አንድዶ ያደርቃል፤ አንዱ ጎን ያርራል፣ አንዱ ጥሬ ይቀራል። ጋሽ አብዶሽ ግን ጣሪያ ላይ ያሰጣዋል። የድሬ ቆርቆሮ በቀትር እጅ አያስነካም። ሞተሩን እንደ በርበሬ እያገላበጥን ነበር የምናሰጣው። ሲደርስ በጥፍር ይመታዋል፤ ኳ ካለ ደርሷል። "የአዲስ አበባ ሰው ይህንን ከየት ያመጣል? ደመናቸውን ያድርቁ!" ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ የኛ ጥቅል ከሁሉም ይቆይ ነበር።

በመጨረሻ ዓይኑ ደከመ። ሽቦ አይታየውም፣ ግን ይመጣል፤ ተቀምጦ ያሸታል። ሊሞት ሰሞን "የሺ፣ ሙያውን ሰጥቼሻለሁ" አለኝ። "ጊዜውን ግን ልሰጥሽ አልችልም፤ የኔ አይደለም።" ያን ጊዜ የበሽተኛ ወሬ መስሎኝ "አቦ ተው፣ ትድናለህ" አልኩት። ልጆቹ ሥራውን አይፈልጉትም ነበርና ቤቱን ለኔ ለቀቁልኝ። በሩን ሰማያዊ ቀባሁት።

ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባል የለ? ቅሏ እኔ ነበርኩ። በበጋ ቬንትሌተሩ እስከ መንገዱ ይደረደራል። ትልልቅ ሰው ከመኪናው ወርዶ "የሺ፣ እባክሽ፣ የኔን አስቀድሚልኝ" ይለኛል። እኔም እኮራለሁ፤ "ተራ ጠብቅ" እላለሁ። ሥራ ልማር ብሎ የመጣውን ሁሉ መለስኩ። ባልንጀራዬ የሆነ ሞተር ጠቅላይ ሁለት ሆነን እንሥራ ሲለኝም እምቢ አልኩ። መጋረጃውን አላወረድኩትም።

ከዚያ የፕላስቲኩ ቬንትሌተር መጣ። መጀመሪያ ሳቅንበት። ላስቲክ ነው፣ ዓመት አይሞላም እያልን። እውነትም አይሞላም፤ ግን ሲበላሽ ሰው ይጥለውና ሌላ ይገዛል። አዲሱ የሚሸጥበት ዋጋ እኔ ከምጠቀልልበት ሽቦ ይረክሳል። ማን ያሠራል? እኔ ራሴን አጽናና ነበር። ቬንትሌተሩ ቢሄድ ፓምፑ አለ አልኩ። ፓምፑም ሄደ። ወፍጮው አለ አልኩ። በሩ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ሳይ መዋል ጀመርኩ። ከጎኔ የነበሩት ጠቅላዮች አንዱ ባጃጅ ገዛ፣ አንዱ ሞተ፣ አንዱ ጅቡቲ ሄደ። ስሜቴን አልደብቃችሁም፤ ሲዘጉ ደስ ብሎኝ ነበር። ገበያው ለኔ ብቻ የሚቀር መስሎኝ! የሚቀር ገበያ ካለ አይደል?

በዚህ ላይ ጣቶቼ ማበጥ ጀመሩ። መገጣጠሚያቸው ቋጠሮ ሠራ። ያ የድመት እጅ የተባለው በስንጥቁ ውስጥ አልገባ አለ።

የተረፈችኝ ልጄ ሰላም ናት። አባቷ የጭነት መኪና ሲነዳ የጅቡቲ መንገድ ላይ የቀረባት፣ ብቻዬን ያሳደግኳት ልጅ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ ትሰፋለች። እጇ የኔ እጅ ነው፤ ቁርጥ የኔ። ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት እጅጌ እየሰፋች ትመጣና "እማ፣ እኔ ካንቺ ጋር ልቀመጥ። እዚያ እኮ ማን እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም" ትለኛለች። አንጀቴን ትበላዋለች። ግን ወደ ባዶ ሱቅ እንዴት አምጥቼ ላስቀምጣት?

አንድ ቀን አብዲ መጣ። ከድሬ ወጣ ብሎ፣ ዋሂል የሚባል ገጠር ውስጥ ወፍጮ ያለው ሰው ነው፣ ከጋሽ አብዶሽ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን። ትልቁ ሞተሩ ተቃጥሎበታል። "አከም፣ ነገያ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። "ያ የሺ፣ እህቴ፣ ሁሉም ሰው አዲሱን ግዛ ይለኛል። እኔ ግን ያንቺን እጅ ነው የማምነው። እዚያ ወፍጮ ያላቸው ሰዎች እኔን ነው የሚያዩት። የኔ ከሠራ የነሱንም ያመጣሉ።" የዚያን ቀን ማታ ከሰላም ጋር ተነጋገርን። የአብዲ ሞተር ከሠራልን ሌሎቹ ይመጣሉ፤ ከመጡ እሷ ፋብሪካውን ትታ ሱቁ ውስጥ ትቀመጣለች። ካልሆነ እዘጋለሁ። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር።

እረፍቷን ሁሉ ሱቁ ውስጥ አሳለፈችው። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትሰገስጋለች። ሽቦው እንዳይላጥ እንዴት እንደሚለዘብ፣ ወረቀቱ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ጫፎቹ እንዴት እንደሚታሰሩ። ዙሩን ስትቆጥር እኔ ሳላስበው "አሐድ፣ ኮት" ብዬ ጀመርኩላት፤ እየሳቀች ተቀበለችኝ። ስትሠራ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች፤ በሕፃንነቷም እንዲያ ነበረች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሕይወቴ እንደነዚያ ቀኖች ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

ቫርኒሹ አልቆብኝ ነበር። የምገዛበት ሱቅ ተዘግቷል፤ አሸዋ ገበያ ሌላ ሱቅ ፈልጌ አንድ ቆርቆሮ ቫርኒሽ ገዛሁ። ስከፍተው ሽታው ሌላ ነው። ጋሽ አብዶሽ ቢሆን እዚያው ክዳኑን ይገጥመው ነበር። እኔ ግን ፋብሪካው ለውጦት ይሆናል ብዬ አጠጣሁት። ጣሪያ ላይ አሰጣነው። ፀሐይዋ እንደ ጥንቱ ናት፣ እሷ መቼ ትለወጣለች! እንደ መስታወት አበራ። በጥፍሬ መታሁት፤ ኳ አለ።

አብዲ ወስዶ ገጠመውና ደወለልኝ። ስልኩን ወደ ወፍጮው ያዘው። የወፍጮው ድምፅ ሲመጣ ሰላም ከእጄ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። እልል አለች ልጄ። "የወር ደሞዜን ልቀበልና እነግራቸዋለሁ" አለችኝ፤ እንደምትለቅ።

ደሞዝ ሳይደርስ አብዲ በባጃጅ መጣ። ሞተሩን ከኋላ ጭኖታል። ገና ሳይወርድ ሸተተኝ፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ መቼም አይጠፋኝም። ፈታሁት። ላዩ ደርቆ አብርቷል። ውስጡን በመፍቻ ስወጋው እንደ ማር ተሳበ። ጥሬ ነው! ወደ ውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ አልደረቀችም። ሽቦው ሲሞቅ ተላውሶ እርስ በርሱ ተበላልቷል።

"አብዲ፣ እንደገና እሠራዋለሁ፣ በነፃ" አልኩት።

"የሺ" አለኝ፣ "ሰው እህሉን ይዞ ቆሞ ዋለብኝ። ሌላ ገዝቻለሁ፣ የቻይናውን። ይህን ያመጣሁት ላሠራው አይደለም። ውስጡ መዳብ አለ፤ ለቁራሌው ብትሸጪው ይጠቅምሽ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ተቆጣኝ እንጂ!" አልኩት።

"ወላሂ አልተቆጣሁም። ምን ያስቆጣኛል? አርጅተናል እኮ።" ትከሻዬን ቸብ አድርጎ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ምነው በተቆጣ! ምነው በሰደበኝ! የተናደደ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል። አብዲ እያዘነልኝ ነው የሄደው፤ ያዘነ ደንበኛ አይመለስም።

ቫርኒሹን ይዤ አሸዋ ገበያ ሄድኩ። ሻጩ ቆርቆሮውን አየት አድርጎ "ይሄ እኮ በምድጃ የሚጋገር ነው። በፀሐይ የሚደርቀው መምጣት ካቆመ ቆየ" አለኝ። "ማንም አልነገረሽም እንዴ?" ማን ይንገረኝ? ሙያውን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ እንዳይቀመጥ ጋሽ አብዶሽ መጋረጃ ሰቀለ፣ እኔም ሳላወርደው ኖርኩ። አንድ ሰው እንኳ ቢተርፍ "የሺ፣ ይሄን አታጠጪው" ይለኝ ነበር። ለጠላት የዘጋነው በር ነው፤ እኔው ከውስጥ ቀረሁ። ፀሐይዋም ብትሆን ጣሪያው ላይ ሆና እንደድሮው ስታቃጥል ነው የቆየችው። ለምን እንደምታቃጥል ግን አሁን ምክንያት የላትም።

ሱቁን ዘጋሁ። ሰላምም ጠዋት ተነስታ ወደ ፓርኩ አውቶቡስ ሄደች።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይሉ የለ? ባለፈው እሑድ ቀትር ላይ ሰላም አንድ ካርቶን ተሸክማ መጣች። "እማ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ!" አለችኝ። ከፈተችው። ቬንትሌተር ነው፤ ነጭ፣ የፕላስቲኩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ እኔ ቤት ቬንትሌተር አልነበረም፤ የራሴን ሁልጊዜ ለደንበኛ አውሼ ነው የኖርኩት። "ከመስመራችን አንደኛ ወጥቼ ሸለሙኝ። በሽልማቱ ገዛሁልሽ" አለችኝ። ፊቷ በራ። "አለቃዬ ሴቶቹን ሁሉ ሰብስባ እጄን አሳየቻቸው። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? 'ጣትሽ ሀብት ነው' አለችኝ።"

እጇን ያዝኩት። ቀጭን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ገና ምንም አልነካውም። ምን ልበላት? ልጄ ሆይ፣ እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነበር ልበላት? ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀችውን ልጅ? "እውነቷን ነው" አልኳት።

ሶኬት ላይ ሰክታ አስነሳችውና ፍራሹ ላይ ከጎኔ ጋደም አለች። እኔ ልማድ ሆኖብኝ የቬንትሌተሩን ጀርባ በእጄ ዳበስኩት። ብሎን የለውም። ዙሪያውን ተጣብቆ ነው የተሠራው፤ ለመክፈት መስበር ነው። አሸተትኩት፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።

"እማ" አለችኝ እንቅልፍ እየወሰዳት፣ "ቢቃጠል አንቺ ትሠሪዋለሽ አይደል?"

"እንዴታ! ለኔ ነው የምትነግሪኝ?" አልኳት።

አመነችኝና ተኛች። እኔ አልተኛሁም፤ የሷን እጅ በዚህ ባበጠ እጄ ይዤ ቬንትሌተሩ ሲዞር አየዋለሁ። ነፋሱ ጥሩ ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ ነፋሱ በጣም ጥሩ ነው።